ወይኑና ሽታው

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በዱፕሊን ካውንቲ የምትገኘው ሮዝ ሂል ትንሽ ከተማ ናት። ጎብኚ የሚያውቃት በግዙፉ መጥበሻዋና ሙስካዳይን ከሚባለው ወይን በሚጠመቀው ጣፋጭ መጠጧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የወይን ጠጅ ፋብሪካዋ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል።

የካውንቲው ትልቁ ንግድ ግን ሌላ ነው።

በዱፕሊን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አሳማዎች ይረባሉ፤ ለአንድ ነዋሪ ከ30 በላይ ይደርሳል። ፍጋቸውና ሽንታቸው በክፍት ኩሬ ተጠራቅሞ ማሳ ላይ ይረጫል። ጎብኚውን ሽታው ቢያስመርረው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፤ ነዋሪውስ? ጉዳቱም መጥፎ ጠረን ብቻ አይደለም። በ1995 በአጎራባቹ ኦንስሎ ካውንቲ አንድ ኩሬ ተደርምሶ 25 ሚሊዮን ጋሎን ፍሳሽ ወደ ወንዝ ገባ። በ2018 ደግሞ ፍሎረንስ የተሰኘው አውሎ ነፋስ በርካታ ኩሬዎችን በጎርፍ አጥለቀለቀ።

ግዛቲቱ በ1997 አዳዲስ ኩሬዎችን አገደች፤ በ2007ም እገዳውን ቋሚ አደረገችው። እገዳው ነባሮቹን ግን አልነካም። አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ የእርባታዎቹ ጎረቤቶች በአሳማ ሥጋ አምራቹ በስሚዝፊልድ ሥር ያለውን አርቢ ኩባንያ ከሰው በ2018 ተፈረደላቸው። የግዛቲቱ ምክር ቤት በበኩሉ በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ክስ የሚያከብድ ሕግ አወጣ፤ አቤት ባዩን ዝም ማሰኘት ኩሬውን ከማጽዳት የቀለለው ይመስላል።

ሕጉ ይሻር። ነባሮቹ ኩሬዎችም በንጹሕ ቴክኖሎጂ ይተኩ፤ ወጪውንም መሸፈን ያለበት ከአሳማው የሚያተርፈው ኩባንያ እንጂ መስኮቱን ዘግቶ የሚኖረው ጎረቤት አይደለም።