ያወቅን እንንገር

ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው፣ በዴንቨርና በኦሮራ፣ በሲያትልም የምትኖሩ ሁሉ! እኛ በሰው አገር ተደጋግፈን የቆምን ነን። መንዳት ለማይችል መንዳት ያስተማርን፣ ሥራ ላጣ ሥራ ያፈላለግን፣ ማደሪያ ላጣ ሶፋችንን የለቀቅን ነን። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ዕዳ አለብን፤ ያወቅነውን መናገር።

ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዲሲ በ2015፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ማሪዋናን ለአዋቂ ሰው ፈቅደዋል። ሽታው ደጃችን ደርሷል። እኛ ግን የምናነሣው ወይ በሐሜት ነው፣ ወይ በቁጣ። «ሕጉ ፈቅዷል» የሚለውም ወሬ ግማሽ እውነት ነው፤ ስቴቱ የፈቀደውን የፌዴራሉ መንግሥት አልፈቀደም። ይህ ልዩነት ከማንም በላይ የሚነካው እኛን ነው። እንጀራቸው በሲዲኤል፣ በንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ላይ የቆመ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ ዜግነታቸውን ገና የሚጠባበቁም አሉን።

ከትራኩ እንጀምር። በሲዲኤል የሚነዳ ሰው የሚተዳደረው በፌዴራሉ የትራንስፖርት ሕግ ነው። ሥራ ሲጀምር ይመረመራል፣ በዕጣ ይመረመራል፣ ከከባድ አደጋ በኋላ ይመረመራል። የሽንት ምርመራው የሚፈልገው ስካርን አይደለም፤ ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚተወውን ቅሪት ነው። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ጊዜ ባጨሰ ሰው ላይ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ በሚያጨስ ላይ ለአንድ ወርና ከዚያም በላይ ሊገኝ ይችላል። ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ በሕጋዊ መንገድ ያጨሰ ሹፌር ሰኞ መሪ ሲይዝ ፈጽሞ ንቁ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ፖዘቲቭ ሊመጣ ይችላል። የሐኪም ወረቀት አያድነውም። «የወሰድኩት ከዚያው ተክል የሚወጣው፣ የማያሰክረው ሲቢዲ ነው» ማለትም አያድነውም፤ አንዳንዱ የሲቢዲ ዘይት ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በላይ ቲኤችሲ ይዞ ይገኛልና።

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ፖዘቲቭ ውጤት ክሊሪንግሃውስ በተባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ኩባንያ ቢቀይሩ ይከተላል፣ ስቴት ቢቀይሩ ይከተላል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ እስኪስተካከል ስቴቱ ሲዲኤሉን ራሱን ይነሣል። አልመረመርም ብሎ መውጣትም እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል፤ «ጥለህ ውጣ» የሚል ጓደኛ ካለ አትስሙት። መመለሻው መንገድ ረጅም ነው፣ ግን አለ። የተፈቀደለት ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ መገምገም፣ የታዘዘውን ትምህርት ወይም ሕክምና መፈጸም፣ ንጹሕ ውጤት ማምጣት፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ማለፍ ነው። ውጤቱ ልክ አይደለም የሚል ሹፌር ከተነገረው ጀምሮ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ከናሙናው ተከፍሎ የተቀመጠው ሁለተኛው ብልቃጥ በሌላ ላብራቶሪ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት ስንቱ ሹፌራችን ያውቃል? ያወቅን እንንገር።

የዜግነቱም ነገር እንዲሁ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ማሪዋና መጠቀም፣ በማሪዋና ንግድ ተቀጥሮ መሥራትም ጭምር፣ ስቴቱ ቢፈቅደው እንኳ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል አስታውቋል። ክስና ፍርድ ባይኖርም በራስ አንደበት ማመኑ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ በማሪዋና ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ካወቅን፣ ፎርሙን ሳይሞላ ጠበቃ እንዲያማክር እንንገረው።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆቻችን ነገር ነው። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተገነባ ነው። የዛሬውም ማሪዋና የድሮው አይደለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖሊስ ሲይዘው ከነበረው ውስጥ ቲኤችሲው 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ አሁን ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ በቬፕ የሚሳበውማ ከዚህም በብዙ እጥፍ ይጠነክራል። በከረሜላና በቸኮሌት የሚበላው እስኪሠራ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚቆይ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚደግም ብዙ ነው፤ ሕፃን ደግሞ የእውነት ከረሜላ መስሎት ይበላዋል። በልጅነት የጀመረ፣ አዘውትሮ የሚወስድ፣ በቤተ ዘመዱም የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ድምፅ እስከ መስማትና ከእውነታ እስከ መለየት ለሚያደርስ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ያጨሰ ሁሉ ያብዳል ማለት ግን አይደለም። እንዲህ ብለን ብናስፈራራቸው ልጆቻችን አያምኑንም፤ ባያምኑንም እውነት አላቸው።

ልጃችን ሲታመምስ ምን እናደርጋለን? «ሰው ምን ይለናል» ብለን በር እንዘጋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልን ያደግን እኛው ነን! ጠበሉን አንተው፣ ጸሎቱን አንተው፣ ሐኪሙንም አንተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለአስቸኳይ የአእምሮ ጭንቀት 988 መደወል ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ በኋላ ሃያ ደቂቃ ስጡን። ዓመታት የነዳችሁ ሹፌሮች፣ ሲዲኤል ለሚማሩት የምርመራውን ሕግ በአማርኛ አስረዱልን። ጠበቆች፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ ለማኅበረሰባችሁ ቢሯችሁን ክፈቱ። አባቶችና እናቶች፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የእድር ሰብሳቢዎች ደግሞ፣ እድራችን ለቀብር ብቻ አይሁን፤ ሲዲኤሉ ታግዶ ሕክምናውን ለሚከታተል አባል የአንድ ወር የቤት ኪራይ ይድረስለት። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ አስይዙ።