መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት የእኛ ነው



ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ረጲ ባለው ሰፈራችን እድር የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በስብሰባ ቀን ተነሥቶ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ» ብሎ ያነባል። የድንኳኑና የወንበሩ ቁጥር ሳይቀር ይነገራል። አላነብም የሚል ቢመጣ ዳኛው ራሳቸው «ምን ደብቀህ ነው?» ይሉታል። ታዲያ ለወር መዋጮ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በግብራችን ለሚሠራው የወረዳና የክፍለ ከተማ ሥራ ሲሆን ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

ነገሩን በአጭሩ እንናገረው። በጀቱ፣ የመንገዱና የቦይ ሥራው ዋጋ፣ የቤት ፈላጊው ዝርዝር፣ የፕላኑ ካርታ በየቢሮው መሳቢያ ተቆልፎ መቀመጥ የለበትም። በአደባባይ ይለጠፍ፤ ለሚፈልገውም ሁሉ ይሰጥ።

«ወረቀት ቢለጠፍ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሕዝቡ ከልጁ ጉሮሮ ቀንሶ ሲቆጥብ ኖረ፤ ዕጣው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን የቁጠባ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ስም መግባቱ ታውቆ ተሰረዘ። ከባንክ ብቁ ናቸው ተብሎ የተላከው ስም ወደ 79 ሺህ ሲሆን ለዕጣ የገባው ግን ወደ 172 ሺህ እንደ ነበር በወቅቱ ተገልጿል። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እስቲ እናስበው! የብቁዎቹ ቁጥርና ዝርዝር ከዕጣው በፊት በየወረዳው ሰሌዳ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከ90 ሺህ የሚበልጥ ትርፍ ስም በማን ዓይን ሥር ያልፍ ነበር? የቆጠበው ሰው ራሱ ጥበቃ ሆኖ ይቆም ነበር እኮ!

ከደጃችንም መራራ ትምህርት አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበርን። በዚያ ሳምንት የሟቾቹ ቁጥር በየቀኑ ሲጨምር ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል። ለአምሳ ዓመታት ያህል ቆሻሻ የተከመረበት ኮረብታ ከፍታው ስንት ነው? ከሥሩ ስንት ቤተሰብ ይኖራል? ከየት ወዲህ መኖር ያሰጋል? እንዲህ ያለው ቁጥር የባለሙያ ምሥጢር ሆኖ የሚቀመጥ አይደለም። በሥሩ የሚተኛው ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የማግኘት መብትን ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥልበታል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም ይህ የመረጃ ክፍል አልተሻረም። ታዲያ ከእኛ መካከል ስለ አንድ ቦይ ወጪ ሊጠይቁ የሄዱ ሰዎች በአንድ ቢሮ «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጡ» ተባሉ። ቦዩ የሚያልፈው በደጃቸው፣ ሲሞላ ጎርፉ የሚገባው ከቤታቸው ነው። ከእነሱ የበለጠ የሚመለከተው ማን ይሆን?

አይቻልም የሚባለው ነገር በሌላ አገር ተችሏል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ነበር ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ከዚያ በኋላ የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ ይወጣና በትምህርት ቤቱ ይለጠፍ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሌላም ምክንያት ቢኖረው የመለጠፉ ድርሻ ቀላል አልነበረም። በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን በሰንጠረዥ አዘጋጅተው በአደባባይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ የምንጠይቀው ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ሰበቦቹን እንመልከት።

«ሕዝቡ አይገባውም» ይላሉ። የእድርና የእቁብ ሂሳብ ሲያጣራ የኖረ ሕዝብ እንዴት አይገባው!

«የሰው ምሥጢር ይወጣል» ይላሉ። የማንንም የሕክምና ካርድ ወይም የባንክ ደብተር አልጠየቅንም። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ይከበር። ነገር ግን የኮብልስቶን ዋጋ የማንም ሰው የግል ምሥጢር ሊሆን አይችልም።

«በቴሌግራም ለጥፈናል» ይላሉ። መልካም፤ ግን ስልክ የሌላቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን የት ይዩት? የተንጋደደ ፎቶግራፍስ እንዴት ይደመራል? ኮምፒዩተር የሚችሉ ልጆቻችን እንዲደምሩት፣ ካምናው እንዲያስተያዩትና በካርታ እንዲያሳዩን ሰንጠረዡ ራሱ በፋይል ይሰጠን። ለምን ፈለጋችሁት ተብለንም አንመርመር።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

1. የወረዳው የዓመት በጀትና በየሦስት ወሩ የወጣው ወጪ በጽሕፈት ቤቱ በርና በየሰፈሩ ሰሌዳ ይለጠፍ።
2. ለእያንዳንዱ የመንገድ፣ የቦይና የመብራት ሥራ የሥራ ተቋራጩ ስም፣ ዋጋው፣ ርዝመቱና የሚያልቅበት ቀን፣ ከነዋሪው የተሰበሰበ ገንዘብ ካለም መጠኑ ይገለጽ።
3. ለቤትና ለልዩ ልዩ ድጋፍ የሚመረጡ ሰዎች የሚለዩበት መስፈርትና የብቁዎቹ ቁጥር ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ይታወቅ።
4. የፕላንና የኮሪደር ልማት መስመር የሚያልፍበት ካርታ ቀደም ብሎ ይታይ። «ቤቴ ይነካ ይሆን?» ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ከወሬ ሳይሆን ከካርታ ይረዳው።

የእኛም ድርሻ አለ። የተለጠፈውን ቆመን እናንብብ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችን እናንብብለት። ያልተለጠፈውን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ስናስገባ ቀኑን አስፈርመን ቅጂውን እንያዝ። 30 ቀን አልፎ መልስ ከጠፋ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት እንበል። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠይቅ «ነገረኛ» ይባላል፤ ሰፈር በሙሉ ሲጠይቅ ግን መልስ መስጠት የግድ ይሆናል።

በሐቅ የሚሠራ የወረዳ ሠራተኛም በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ሂሳቡ በአደባባይ ሲታይ ከሐሜት የሚድነው እሱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት ከሰፈራችን የሚጠፋው በስብከት ብቻ አይሆንም፤ ሁሉም በሚያየው ሂሳብ ነው።

የሕዝብ ሰነድ ለሕዝብ ይከፈት!