የብላቴናው መክሊትና የታላላቆች ችኮላ

የሰው ልጅ ፀጋ በሕፃንነቱ ተገልጦ ሲታይ ዐይንን የሚያስደስት፣ ልብንም በተስፋ የሚሞላ ነገር ስለ ሆነ፣ በየዘመኑና በየአገሩ ያሉ ሕዝቦች ከዕድሜው የቀደመ ብላቴና ባዩ ጊዜ መደነቃቸው፣ ከአድናቆትም አልፈው ገና ያልኖረውን ዘመን እንደ ኖረ፣ ገና ያልሠራውንም ሥራ እንደ ሠራ አድርገው መመስከራቸው የተለመደ ነው። ይህ ምስክርነት ከፍቅር የመነጨ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ትልቅ ሰው፣ የሚመሰከርለት ሕፃን እንደ ሆነ፣ ቃሉም ሳይፈጸም በቀረ ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው መስካሪው ሳይሆን ሕፃኑ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከእግር ኳስ ዓለም ይህንን እውነት እንደ ፍሬዲ አዱ ሕይወት አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ስለማላውቅ፣ በዛሬው ዓምዴ ስለ እርሱ ልጽፍ ወድጃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬዲ አዱ ጁን 2 ቀን 1989 በጋና፣ ቴማ በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። በዚያም ከታላላቆቹ ጋር በባዶ እግሩ ኳስ ሲጫወት አድጎ፣ ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ የዲቪ ዕጣ ወጥቶለት በ1997 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ተቀመጠ። እናቱ ኤሚሊያ ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ይህ ክፍል ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በዚያው ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ ስትሆን፣ በዲቪ ሄደው ሌሊትና ቀን እየሠሩ፣ የድካማቸውን ዋጋ በልጆቻቸው ፊት ላይ ለማየት የሚናፍቁ እናቶችና አባቶች ዛሬም በየቤቱ አሉና። የኢጣልያው ኢንተር ሚላን ፍሬዲን ገና በዐሥር ዓመቱ ሊወስደው በጠየቀ ጊዜ እናቱ እንቢ እንዳሉ ተነግሯል፤ ድህነት በር ላይ ቆሞ ሳለ ለልጅ ዕድሜ ሲባል ገንዘብን መመለስ ታላቅ የኅሊና ሥራ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ስንፈርድ ይህንን ልንዘነጋው አይገባም።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ እግር ኳስ በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ ካላስተዋልን ግን በልጁ ትከሻ ላይ የተጫነውን ሸክም ክብደት ልንመዝን አንችልም። በ1975 ፔሌን ወደ ኒውዮርክ ኮስሞስ አምጥቶ ስታዲየም ሞልቶ የነበረው የቀድሞው ሊግ በ1980ዎቹ አጋማሽ ፈርሶ ቀርቷል፤ በ1996 የተጀመረው ሜጀር ሊግ ሶከርም ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2002 መጀመሪያ ላይ፣ የማያሚንና የታምፓ ቤይን ክለቦች ዘግቶ በዐሥር ቡድኖች ብቻ ቀርቶ ነበር። በሕይወት ለመቆየት ይታገል የነበረው ይህ ሊግ ሕዝቡን ወደ ስታዲየም የሚጠራለት ስም ይሻ ነበር፤ ያም ስም ከራሱ ከአሜሪካ ምድር እንዲገኝ ይመኝ ነበር። እንግዲህ በ2003 በፊንላንድ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የ14 ዓመቱ ፍሬዲ በደቡብ ኮርያ ላይ ሦስት ጎሎች ባገባ ጊዜ፣ ይፈለግ የነበረው ስም ተገኘ ተባለ። ናይኪ ልጁን ገና በ13 ዓመቱ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል አስሮት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከሊጉ ጋር ሲፈራረም ደግሞ በዓመት 500,000 ዶላር እንደሚከፈለውና ይህም ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ደመወዝ እንደ ሆነ ተነገረ። ከእናቱ ቤት ሳይርቅ ይጫወት ዘንድ ዲሲ ዩናይትድ በቀዳሚ ምርጫ ወሰደው። ከፔሌም ጋር ጎን ለጎን ቆሞ በለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ታየ፤ «አዲሱ ፔሌ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ እንደ ጥላ የሚከተለው ሆነ።

ኤፕሪል 3 ቀን 2004 በዋሽንግተኑ አርኤፍኬ ስታዲየም ዲሲ ዩናይትድ ከሳን ሆዜ ጋር ሲጋጠም፣ ብላቴናው ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ ገባ። ዕድሜው 14 ዓመት ከ306 ቀን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤፕሪል 17 ቀን የመጀመሪያ ጎሉን በሜትሮስታርስ ላይ አስቆጠረና በሊጉ ታሪክ ከጎል አግቢዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ። በዚያ ዓመት 30 ጨዋታ ተሰልፎ አምስት ጎል አገባ፤ ክለቡም በፍጻሜው ካንሳስ ሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ይህንን የሠራው ከጎልማሶች ጋር እየተጋፋ የተጫወተ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ መሆኑን አስቦ ለሚፈርድ ሰው ነገሩ ከመልካም ጅምርም የሚበልጥ ነው። ዳሩ ግን ሕዝቡ ይጠብቅ የነበረው መልካም ጅምር አልነበረም፤ የታሪኩን ፍጻሜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያነብ ይፈልግ ነበር እንጂ።

ሁለት ጌቶች ልጁን በተለያየ አቅጣጫ መጎተት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ፖላንዳዊው ፒተር ኖቫክ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተጫዋች በጥቂት በጥቂቱ እያስገቡት፣ ኳስ ሲጠፋ ተመልሶ መከላከልን፣ የሰውነትንም ጥንካሬ ሊያስተምሩት ሲጥሩ፣ ሊጉና አስተዋዋቂዎቹ በበኩላቸው ትኬት የገዛው ሕዝብ በየከተማው እርሱን እንዲያይ ይሹ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ «ገና ትማራለህ» የሚባል ልጅ ቅዳሜ ሲደርስ «አንተ የዚህ ስፖርት አዳኝ ነህ» ከተባለ፣ ከሁለቱ ቃሎች የትኛውን እንዲያምን ይጠበቃል? ለ15 ዓመት ጆሮ የሚጣፍጠው ውዳሴው ነውና፣ አዱ በሁለተኛው ዓመት በቂ የመሰለፍ ጊዜ አላገኘሁም ብሎ በአደባባይ አጉረመረመ። እርሱ ራሱም ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በወጣትነቱ በተፈጥሮ ችሎታው ብቻ ተማምኖ እንደ ነበርና ሊሠራ የሚገባውን ያህል እንዳልሠራ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ ለሚጭኑ ሰዎች ይህ ኑዛዜ በቂ ማስረጃ ይመስላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ትጋትን ከመማሩ አስቀድሞ ዋጋውን የከፈሉት እነማን እንደ ነበሩ እጠይቃለሁ፤ የድካሙን ደመወዝ ሳይደክም የተቀበለ ሕፃን ድካምን ከማን ይማራል?

ከዚህ በኋላ ያለው ስደት የበዛበት ጉዞ ነው። በ2006 ማብቂያ ወደ ሪያል ሶልት ሌክ ተዛወረ፤ በ2007 የበጋ ወር በካናዳ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አምበል ሆኖ በፖላንድ ላይ ሦስት ጎል አስቆጥሮ፣ ቡድኑም ብራዚልን 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ የፖርቱጋሉ ቤንፊካ በሁለት ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ቤንፊካ ግን ለሞናኮ በውሰት ሰጠው፤ ከሞናኮ መልስ ለቤሌኔንሴስ፣ ከዚያም ለግሪኩ አሪስና ለቱርኩ ሪዜስፖር። በየዓመቱ አዲስ አሠልጣኝ፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ተጠባባቂ ወንበር ሲፈራረቁበት፣ ለአንድ አማካይ ከሁሉ የሚያስፈልገውን ነገር፣ ማለትም በአንድ ቡድን ውስጥ ጸንቶ መሰለፍንና ከጓደኞቹ ጋር መለማመድን ሳያገኝ 22 ዓመት ሞላው። ከ2011 ጀምሮ ፊላደልፊያ፣ የብራዚሉ ባሂያ፣ የሰርቢያው ያጎዲና፣ የፊንላንዱ ኩፕስ፣ ታምፓ ቤይ (በ2002 ከተዘጋው የተለየ ክለብ)፣ ላስ ቬጋስ፣ በመጨረሻም በስዊድን ሦስተኛ ደረጃ ይጫወት የነበረው ኧስተርለን ተከታተሉ፤ ይህም የመጨረሻው ክለብ በ2021 መጀመሪያ ላይ አሰናበተው። እንግዲህ ከ14 ክለቦች ጋር የተሳሰረው ይህ የጨዋታ ዘመን፣ በብዙ ጋዜጦች «ከሽፎ የቀረ ተስፋ» ተብሎ በአንድ ቃል ተዘጋ።

ይህንን ፍርድ አልቀበለውም። ከቴማ ሜዳ ተነሥቶ ለአገሩ ለአሜሪካ ዋና ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ የተሰለፈ፣ በቤጂንግ ኦሊምፒክ የተጫወተ፣ የሊግ ዋንጫ ያነሣ፣ በ2011 የጎልድ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይም ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ፓናማ የተሸነፈችበት ጎል የተጀመረበትን ኳስ ያቀበለ ሰው፣ ስሙ «ፔሌ» ባይባል ኖሮ በክብር የሚጠራ ተጫዋች ነበር። ብዙ ሺህ ልጆች የሚመኙትንና የማያገኙትን እርሱ አግኝቷል። የከሸፈ ነገር ካለ፣ የከሸፈው ታላላቆች በስሙ የገቡት ቃል ነው፤ እርሱ ያንን ቃል በገዛ አፉ አልገባምና፣ ቢገባም ኖሮ የሕፃን መሐላ በሕግም በሃይማኖትም የማይጸና ነውና።

አንባቢ ግን በልጅነት መጀመርን የምኮንን እንዳይመስለው። በአብነት ትምህርት ቤታችን ሥርዐት ሕፃን ከፊደል ጀምሮ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ፣ ዕድሜና ትዕግሥት ከሰጡት ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት ይሻገራል። ድምፁ ያማረ ብላቴና ዲቁና ተቀብሎ በቅዳሴ ሲያገለግል ሕዝቡ ይደሰታል፣ ይመርቀዋልም፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ስላማረ ብቻ በመምህሩ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው፣ የኔታ ብሎም የሚጠራው ማንም የለም። አባቶቻችን ቀድሞ ማገልገልንና ቀድሞ መሾምን ለይተው ያውቁ ነበር። በፍሬዲ አዱ ላይ የተፈጸመው በደል በ14 ዓመቱ ወደ ሜዳ መግባቱ አልነበረም፤ በ14 ዓመቱ መሾሙ ነበር።

ለዚህም ሌላ ምስክር አለኝ። ኖርዌያዊው ማርቲን ኦዴጋርድ በ15 ዓመቱ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ፣ በጃንዋሪ 2015 ገና በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገብቶ ነበር። በዋናው ቡድን ቦታ ስላልነበረው በውሰት ወደ ሆላንዶቹ ሄረንቬንና ቪተሰ፣ ቀጥሎም ወደ ስፔኑ ሪያል ሶሲዬዳድ ሲሄድ፣ ይህም ሌላ ከሽፎ የቀረ ተስፋ ነው ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም። ነገር ግን በሄደበት ሁሉ ሳምንት ከሳምንት የሚሰለፍበት ሜዳና ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ አገኘ፤ በ2021 አርሴናል ወሰደው፣ በ2022ም አምበል አድርጎ ሾመው። ሁለቱም ልጆች ቀድመው ጀምረዋል፣ ሁለቱም በውሰት ተንከራትተዋል፤ ልዩነቱ ኦዴጋርድ በተንከራተተበት መጫወቱ፣ አዱ ግን በደረሰበት በአብዛኛው ተቀምጦ መዋሉ ነው። ሹመትም ለኦዴጋርድ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2001 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወሩ፣ ጥቂት ሁኔታዎችን ብቻ ለይቶ፣ ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ድንበር መሻገርን ሲከለክል የልጅን ስም መሸጥን አልከለከለም። በጁላይ 2024 ካቫን ሱሊቫን የተባለ ልጅ በ14 ዓመት ከ293 ቀኑ ለፊላደልፊያ ተሰልፎ የአዱን ክብረ ወሰን በ13 ቀን ሰብሯል፤ ጋዜጦቹም ያንኑ የድሮ ቃል ማሰማት ጀምረዋል። ይህ ልጅ እንዲሳካለት ከልቤ እመኛለሁ፤ የሚያሳስበኝ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም የዕድሜ ክብረ ወሰን ራሱ እንደ ድል መቆጠሩ ነው። በልጅነት መሰለፍ የጉዞ መነሻ እንጂ የተገኘ ዋንጫ አይደለም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በሜሪላንድ፣ ወይም በሌላ ስፍራ፣ ኳስ የምትታዘዝለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከታላላቆቹ ጋር ቢሰለፍ አትከልክሉት፤ ውል ይዞ የመጣውን ሰው ግን ከገንዘቡ መጠን አስቀድማችሁ ልጄ በሳምንት ስንት ደቂቃ ይጫወታል፣ ማን ያሠለጥነዋል፣ ትምህርቱስ እንዴት ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ። አሠልጣኞችም ስትሆኑ ልጁን ከማይሰለፍበት ታላቅ ክለብ ይልቅ በሚሰለፍበት ትንሽ ክለብ አቆዩት። እኛም ጋዜጠኞችና ተመልካቾች በሕያው ሕፃን ላይ የሌላ ሰው ስም ከመለጠፍ እንቆጠብ። የ14 ዓመት ልጅ፣ ችሎታው የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ገና ተማሪ ነውና እንደ ተማሪ ይያዝ።