የሚጮኸው መሣሪያ ለማን ይጩኽ?

ከጨንቻ ደጋ ወይም ከቦንኬ ተነሥቶ ለአንድ ማስረጃ ወረቀት ግማሽ ቀን የተጓዘ ገበሬ በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ» ሲባል ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ነገ ማለት ለጸሐፊው አንድ ቃል ነው፤ ለገበሬው ግን ሌላ የእግር መንገድና ሌላ የሥራ ቀን ነው። ሲስተሙ ከመቼ ጀምሮ እንደ ጠፋ ብንጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ጠዋት ስንገባ አልነበረም» የሚል ይሆናል። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ስለ መስመሩ መቋረጥ ሳይሆን መቋረጡን በጊዜው የሚያውቅ ሰው ስለ መታጣቱ ነው።

መሣሪያው ግን ያውቃል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ጥግ መብራቱን እያርገበገበ የሚቀመጠው ራውተር መስመር ሲወድቅበት፥ ጠፍቶ ሲነሣ፥ በሐሰተኛ የይለፍ ቃል ሊጠይቀው የሚሞክር ሲመጣ ወዲያው መልእክት እንዲልክ ሆኖ የተሠራ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ወጥቶ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። መልእክቱንም ባለሙያዎች «ትራፕ» ይሉታል። ነገር ግን መሣሪያው ለማን እንደሚልክ ተነግሮት ከፋብሪካ አይመጣም። የተቀባዩን ኮምፒዩተር አድራሻ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው፤ እርሱም ጥቂት መስመር ትእዛዝ ቢሆን ነው። በጋሞ አገር ብርቱ ጉዳይ ያለው ሰው ነገሩን በየመንገዱ አይበትነውም፤ ወደ ዱቡሻ ያመጣዋል፥ ሰሚው እዚያ ነውና። ዱቡሻው ያልተነገረው ራውተር ምን ያድርግ?

በአንድ መሥሪያ ቤት ያየነውን እንናገር። አድራሻው ተጽፎ ነበር፤ ትእዛዙም ትክክል ነበር። ሆኖም የተጻፈው አድራሻ የአንድ የተዛወረ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ኖሮ፥ ኮምፒዩተሩ ከቦታው ከተነሣ ወራት አልፈዋል። ራውተሩ በታማኝነት ሲልክ ከርሟል! ትራፕ ደረሰኝ የሌለው ደብዳቤ ስለ ሆነ ላኪው ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠይቅም። በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው የደንቡ እትም «ኢንፎርም» የሚባል መልእክት ተጨምሯል፤ ይህኛው ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለው ደግሞ ይልካል። መሣሪያው የሚችል እስከ ሆነ ድረስ እኛ ኢንፎርምን እንመርጣለን።

ከዚህ የከበደ ነገር ደግሞ አለ። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መስመር አንድ ብቻ ነው እንበል። እርሱ ሲቋረጥ «ተቋርጫለሁ» የሚለውም መልእክት መሄጃው ያው የተቋረጠው መስመር ነው። ድልድይ ፈርሶበት ከወንዝ ማዶ የቀረ መልእክተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ወሬውን መናገር ያለበት በአርባ ምንጭ በኩል ያለው የመስመሩ ጫፍ ነው፤ ሰሚውም እዚያው አርባ ምንጭ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ሊሆን ይገባል። ሁሉን ወደ አዲስ አበባ ብቻ መላክ የሚወዱ ሹሞች አሉ። ማእከሉ ማወቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር በተቋረጠ ቀን አርባ ምንጭ ስለ ገዛ ወረዳዎችዋ እንኳ ሳታውቅ ትውላለች። ሁለት ተቀባይ ይጻፍ፤ መሣሪያው አይከለክልም።

መብራት ጠፍቶ የሞተ መሣሪያም መልእክት አይልክም። ዩፒኤሱ «በባትሪ ላይ ነኝ» ብሎ አስቀድሞ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ሆኖ ተቀባዩ ኮምፒዩተር በየአምስት ደቂቃው «አለህ ወይ?» እያለ መጠየቅ አለበት። ዝምታን ሁሉ እንደ ጤና መቁጠር አይገባም። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተባት፥ እርሱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነላት ከተማ ናት። የኩልፎን ከፍታ ለመለካት የሚተከል ምሰሶ ቁጥሩን የሚያነብለት ሰው ካላገኘ ተራ እንጨት መሆኑን የዚያ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

አንዳንድ ወጣት ደግሞ ከትጋት ብዛት ሁሉም ነገር እንዲነገረው ያዛል። ሲስሎግ የተባለው የመዝገብ መልእክት ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃ አለው፤ 0 የጥፋት ጩኸት ነው፥ 7 ተራ ጭውውት ነው። ሰባቱን የሚሰማ ሰው በሦስተኛው ቀን አንዱንም አይሰማም። ለወረዳ መሥሪያ ቤት እስከ 4 ይበቃል እንላለን። «ፐብሊክ» የሚለውን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል እንዳለ መተው ግን በር ከፍቶ መተኛት ነው፤ መሣሪያው ከቻለ ምስጢር ጠባቂው ሦስተኛው እትም ይሻላል።

ኮምፒዩተሩ የተቀበለውን መልእክት ወደ ተረኛው ሠራተኛ ስልክ እንዲያስተላልፍ ይደረግ፤ ተረኛውም ስሙ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ባለሙያ አለቃውን አስፈቅዶ፥ ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት አንድ ገመድ በገዛ እጁ ይንቀልና ሰዓቱን ይዞ የማን ስልክ እንደሚጮኽ ይጠብቅ። የማንም ካልጮኸ አድራሻውን ይመርምር። ገመዱን መልሶ መሰካት ግን አይርሳ፤ ገበሬው በመስኮቱ ሊቆም ነውና።