ማሳሰቢያ፦ የሰፈር ጨዋታ ስትቀዱ አታሳምሩት

ይህ ማሳሰቢያ ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ለተነሣችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይም የአያቶቻችሁን ጨዋታ በስልክ እየቀዳችሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ለምትለቁ ወጣቶች ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ መንደሮች ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያየ። ቤቶቹን ፎቶ ያነሣ ብዙ ሰው አለ። ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሰፈር ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ በየትኛው ጥግ ሌሊት ምን ይታይ እንደነበር የሚወራው ግን ፎቶ አይነሣም። እንዲህ ያለው ጨዋታ ደግሞ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። አንዱ ሲጀምር ሌላዋ «ኧረ እንደሱ አይደለም» ብላ እያረመችው ነው የሚሞላው። እሷ አንዱ ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ እሱ ሌላው ጫፍ ልጁ ቤት ሲገባ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ቅዱ፤ የድሮ ጎረቤቶች ለለቅሶም ሆነ ለማኅበር አሁንም ይገናኛሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከተቀዳ በኋላ የሚደረገው ነው። ሦስት ሰው የነገረውን አንድ ላይ ሰፍቶ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ከሥሩ አስገብቶ፣ መጨረሻውን ከራሱ ጨምሮ «የሰፈሩ እውነተኛ ታሪክ» እያለ የሚለቅ በዝቷል። ነገ ልጆች የሚያውቁት ይህንኑ ይሆናል። ለምሳሌ ሰባራ ባቡር የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ተበላሽቶ ከቆመ የመንገድ መዳመጫ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር። ይህ በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። መዳመጫው እንዴት እንደተሰበረ ሁለት ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ቢነግሯችሁ ግን ሁለቱንም እንዳሉት ያዙ እንጂ አስታርቃችሁ ሦስተኛ አትፍጠሩ። ፊልም በመጀመሪያ ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ማለቱንም «አለማወቅ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንዳስፈራቸው የሚነግረን ያው አነጋገራቸው ነው።

የተለያየውን አተራረክ ሁሉ መያዝ ምን እንደሚጠቅም ከሌላ አገር እንይ። አሜሪካኖች ማታ መንገድ ላይ ተሳፍራ፣ ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ ከመኪናው ውስጥ የምትሰወር ሴት ታሪክ አላቸው። ሪቻርድ ቢርድስሊና ሮዛሊ ሀንኪ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ታሪክ ከ79 ምንጮች ሰበሰቡ፤ አንዱን ትክክለኛ ብለው ሌላውን አልጣሉም። ሌላው አጥኚ ጃን ሀሮልድ ብሩንቫንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ ታሪኩ ከአውቶሞቢል በፊት በፈረስና በጋሪ ይነገር እንደነበር ማሳየት የቻለው የተለያየው አተራረክ ሁሉ ተጠብቆ ስለቆየለት ነው።

ቀጣዩን አደራ በጥብቅ ያዙልኝ። ሁሉም ወሬ ተረት ሆኖ አይቀርም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ላይ ሕፃናት መርዝ እየተወጉ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ለጥናት የሄዱ ባለሙያዎች በሕዝብ እጅ ተገድለዋል። ስለ መርፌ፣ ስለ ልጅ ሌቦች፣ ስለ መርዝ ዛሬ የሚናፈስ ነገር ቢደርሳችሁ ቀኑንና የሰማችሁበትን ቦታ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ለማንም ግን አታስተላልፉ። «የእነ እገሌ ቤት ቡዳ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ወሬውን ስትይዙ የቤተሰቡን ስም አትጥቀሱ፤ ልጆቻቸው ዛሬም ከሰው ጋር ይኖራሉ።

ስትቀዱ በመጀመሪያ ቀኑን፣ የተራኪውን ዕድሜና የኖረበትን ሰፈር፣ ወሬውን ከማን እንደሰማ በድምፅ ተናገሩ። የሙቀጫ ድምፅ ቢገባ ምንም አይደለም። ጎረቤት ከማድ ቤት «ውሸት ነው፣ እኔ እዚያ ነበርኩ!» ብላ ስትጮህ ግን እንዳትቆርጡት፤ ሰው ወሬውን ምን ያህል ያምነው እንደነበር የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። አንዱን ቅጂ ከስልካችሁ ውጭ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ የተባለውንም ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከመልቀቃችሁ በፊት «እማማ፣ ይኼን ሌላ ሰው ቢሰማው ይፈቅዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካሉ ቅጂው ከቤተሰብ አይውጣ።