«ይባላል» ይበቃናል ወይ?

ፒያሳ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወርቅ ቤት ነው። እስቲ አንዱ ወርቅ ቤት ደጃፍ ቆመን እናስብ፤ ወርቁ ከውስጥ፣ መስታወቱ ከፊት። አንጥረኛ ወርቁን ቢቀጠቅጠው ይሳሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ቀለበት ይሆናል። መስታወቱን ግን አንዴ ቢመታው አለቀ። ለምን?

የወርቅ አቶሞች በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ጫና ሲበዛባቸው አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ወርቁም ሳይሰበር ቅርጹን ይለውጣል። የመስታወት አቶሞች ግን ሰልፍ የላቸውም። ሚያዝያ 23 ቀን አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ እንደሚጨናነቀው ሕዝብ ናቸው፤ ከኋላ ቢገፉት ሁሉም እኩል አይንቀሳቀስም፣ እዚህም እዚያም ጥቂቶች ቦታ ይቀያየራሉ። በመስታወትም ውስጥ ጫና ሲመጣ የሚላወሱት እንዲህ ትናንሽ ስብስቦች ናቸው። እነሱ ተያይዘው መስታወቱ እጅ ከመስጠቱ በፊት ግን፣ ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ ያለች ጭረት ጫናውን ሁሉ ወደ ራሷ ትስበውና ይሰነጠቃል። መስታወት ቆራጭ በመቁረጫው ጫር አድርጎ ቀጨት የሚያደርገውም ይህንኑ ተጠቅሞ ነው።

ታዲያ «መስታወት እኮ ፈሳሽ ነው፣ በዘመን ብዛት ወደ ታች ይወርዳል፤ የአሮጌ ቤት መስኮት ሥሩ የሚወፍረው ለዚህ ነው» ይባላል። ይሄ ልክ አይደለም። ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤድጋር ዛኖቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያሰላው፣ በተራ የአየር ሙቀት መስታወት ለዓይን በሚታይ መጠን እስኪፈስ የዩኒቨርስ ዕድሜ እንኳ አይበቃም። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደኑን የዌስትሚንስተር ገዳም ጥንታዊ መስታወት ቅመም መሠረት አድርገው ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በ1 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ የሚፈሰው ቢበዛ 1 ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን አሳይተዋል። የድሮ መስታወት ወጣ ገባ የሆነው ከአሠራሩ ነው። በአፍ ተነፍቶ ይዘረጋ ነበርና ውፍረቱ እኩል አይመጣም። በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፍፎ ልሙጥ መስታወት ማምረት የተጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

«ለጋዜጠኛ ይሄ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያደርግለታል ባይ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለተረፉት ስንጽፍ፣ የተወላገደውን መስታወት «እርጅና ያቀለጠው» ካልነው ይነቀል ለሚል ሰው ምክንያት ሰጠነው ማለት ነው። የሠሪው እጅ አሻራ መሆኑን ከጻፍን ግን ይጠበቅ ለሚለው ማስረጃ ሆነ። ያው አንድ መስኮት ነው፤ የሚለየው የጠየቅነው ሰው ነው።

ስለዚህ አስተያየቴ አጭር ነው፦ በዚህ መጽሔት ላይ «ይባላል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አዘጋጆቹ «ማን አለ? በምን አወቀ?» ብለው ይመልሱት። የፊዚክስ መምህር ፈልጎ መጠየቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።