«ሥራ ነው» የሚለን ማን ነው?

አንዲት እናት የላኩልኝ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጃቸው እራት ላይ፣ አባቷም ባሉበት፣ ስለ ኦንሊፋንስ አንስታ «ራሷ ፈልጋ፣ በራሷ ስልክ፣ የራሷን ገላ እያሳየች በወር ከሁለታችሁ ደመወዝ በላይ የምታገኝን ሴት ማን ምን አገባው? ሥራ አይደለም ወይ?» ትላቸዋለች። አባት ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። እናት «ነውር ነው!» አሉ። ልጅቷም «ነውር መልስ አይደለም» ብላ ክፍሏ ገባች። «ምን ልበላት?» ይላሉ እናትየው።

ልጅቷ ገጽ ልትከፍት አስባለች ብዬ አልጠረጥርም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወረውረው ብዙውን ጊዜ ወላጁ የት ድረስ አብሮት እንደሚያስብ ለማየት ነው። ደግሞም እውነት አላት፤ ነውር መልስ አይደለም። ነውሩን ሁልጊዜ የምናሸክመው ሴቷን ነው። ቀርጾ የሸጠው፣ ከፍሎ ያየው፣ በቴሌግራም ለጓደኞቹ ያዞረው ሰው ስሙ አይነሣም። ስለዚህ ነውርን ለጊዜው እናቆየውና ልጅቷ በመጣችበት በር፣ በሥራ በኩል እንግባ።

ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ። ኦንሊፋንስ በ2016 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተጀመረ ድረ ገጽ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ተመልካቹ ወርሃዊ ክፍያ እየከፈለ የባለ ገጹን ፎቶና ቪዲዮ ያያል። ምግብ አብሳይም፣ ስፖርተኛም አለበት፤ ገበያው የቆመው ግን በወሲብ ምስል ላይ ነው። በ2021 ኩባንያው ግልጽ የወሲብ ምስል አግዳለሁ ብሎ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ሐሳቡን ቀየረ። ከሚከፈለው ገንዘብ 20 በመቶውን ኩባንያው ያስቀራል፣ 80 በመቶው ለባለ ገጹ ይሄዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ2023 የሒሳብ ዓመት ተመልካቾች 6.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለዋል። ከዚህ ለባለ ገጾቹ የደረሰው 5.3 ቢሊዮን ነው። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን የተመዘገቡት ባለ ገጾች ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው በዓመት 1,300 ዶላር ገደማ፣ በወር 110 ዶላር እንኳ የማይሞላ ይመጣል፤ ያውም ታክስ ሳይቀነስ። ገጽ ከፍተው የተዉትም በዚህ ቁጥር ውስጥ እንዳሉ አልክድም። በሌላ በኩል ግን ጥቂት ዝነኞች ሚሊዮኖቹን ስለሚወስዱ አማካዩ ራሱ የተጋነነ ነው፤ ብዙዎቹ ይህችንም አያዩዋትም። በዚያው ዓመት የኩባንያው ባለቤት ብቻውን የወሰደው የትርፍ ድርሻ 472 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለልጅቷ ከቁጣ ይልቅ ይህን በእስክሪብቶ ጽፎ መስጠት ይሻላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናትና ሒሳብ ይገባታል።

ታዲያ ሒሳቡ ይህ ከሆነ «ሕይወቴ ተለወጠ፣ እናንተም ኑ» የሚለው ወሬ ከየት ይመጣል? ኩባንያው አዲስ ሰው ጋብዞ ለሚያስገባ ሰው ኮሚሽን ይከፍላል፤ የተጋበዘችው በመጀመሪያው ዓመት የምታገኘው ታስቦ 5 በመቶ የሚያህል ለጋባዧ ይሄዳል። ስለዚህ በቲክቶክ ላይ መኪናዋን እያሳየች የምትመክራችሁ ወጣት፣ ምክሯ ገቢዋም ሊሆን ይችላል። ይህን አሠራር እኛ በስሙ እናውቀዋለን፤ ድለላ ነው። ስንት ልጅ ወደ አረብ አገር የሸኘነው «ማዳሟ ጥሩ ናት፣ ደመወዙም በወሩ ይገባል» ባለ ደላላ ቃል ነው? ደላላው ቤቱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ነው።

ይህ ነገር ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የታየው በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። «ገርልስ ዱ ፖርን» የሚባል ድረ ገጽ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች በኢንተርኔት የሚያወጡት ማስታወቂያ የሞዴልነት ሥራ የሚል ነበር። የሚያመለክቱት አብዛኞቹ 18 ዓመት ከሞላቸው ብዙም ያልራቁ፣ ብዙዎቹም የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ቆይቶ ሥራው የወሲብ ፊልም መሆኑ ይነገራቸዋል፤ ወዲያው ግን ማረጋጊያው ይከተላል። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አይወጣም፤ በዲቪዲ ተቀድቶ እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባሉ ሩቅ አገሮች ለግል ሰብሳቢዎች ብቻ ይሸጣል፤ ስምሽንም ማንም አያውቅም ይባላሉ። ልጅቷ ካመነታች ከሌላ ወጣት ሴት ጋር በስልክ ያገናኟታል። ያቺም አትፍሪ፣ ማንም አያየውም ብላ ታረጋጋታለች። ለዚህ ቃሏ ይከፈላታል።

ውሉ የሚቀርበው በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ «ቶሎ ፈርሚ» እየተባለ ነው። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የክፍል ጓደኛ ያየዋል፣ ወንድም ያየዋል፣ አሠሪ ያየዋል። 22 ሴቶች ስማቸው በይፋ ሳይጠራ ከሰሱ፤ በ2020 መጀመሪያ ላይም ፍርድ ቤቱ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ፈረደላቸው፣ የቪዲዮዎቻቸውም ባለመብት አደረጋቸው። ዋናው ሰው አስቀድሞ ከአገር ወጥቶ ስለነበር በኤፍቢአይ አሥር ዋና ተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2022 መጨረሻ ማድሪድ ላይ ተያዘ፤ በ2025 የ27 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሰውየው አይገርመኝም፤ እንደ እሱ ያለ በየአገሩ አይጠፋም። እኔን የምታስጨንቀኝ በስልክ ያለችው ሴት ናት። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ወንዱን ባታምን እንኳ እኩያዋን ታምናለች። ይህን ስላወቁ ነው እኩያዋን የቀጠሩት።

በሴቲቱ ስም የሚሰጥ ምስክርነት ሁሉ የሴቲቱ ላይሆን እንደሚችል ከዚህም በፊት ታይቷል። በ1972 «ዲፕ ትሮት» የተባለ የወሲብ ፊልም በአሜሪካ መደበኛ ሲኒማ ቤቶች ሳይቀር ታይቶ ጉድ ተባለ። የተወነችበት ሊንዳ ቦርማን ነበረች፤ ዓለም የሚያውቃት ሊንዳ ላቭሌስ በሚለው የፊልም ስሟ ነው። በ1974 በስሟ በወጣው መጽሐፍ ነፃ የወጣች፣ ደስተኛ ሴት ሆና ቀረበች። ጋዜጠኞችም እየሳቀች ሲያዩዋት አመኑ። በ1980 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የዚያን ጊዜ ባሏ በድብደባና በመሣሪያ እያስፈራራ እንዳሠራት፣ ለፊልሙ የተከፈላትን 1,250 ዶላርም እሱ እንደወሰደው ተናገረች። በ1986 ይህንኑ ለአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን መሰከረች። ባሏ አስተባብሏል፤ በፊልሙ ከሠሩት መካከልም የተጠራጠሯት አሉ። እሷ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም። ኋላ ላይ፣ በፊልሙ ላይ ዘመቻ የከፈቱትም ሰዎች ተጠቀሙብኝ ብላ ማማረሯ ነው የሚያሳዝነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የወሲብ ፊልም ሴትን ያዋርዳል ወይ? እኔ ያዋርዳል ባይ ነኝ። ራቁት መሆኗን ብቻ አይቼ አይደለም፤ ሠዓሊዎች ለዘመናት ራቁት ሰው ሥለዋል፣ ሐኪምም ያያል። የማየው ፊልሙ ውስጥ ምን እንደምትደረግ ነው። አና ብሪጅስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2010 ባሳተመችው ጥናት ገበያ ላይ በብዛት ከተሸጡና ከተከራዩ ፊልሞች 304 ትዕይንቶች ተመርምረዋል። 88 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ ምት፣ ጥፊ፣ ፀጉር መጎተት፣ ማነቅና የመሳሰለው ተገኝቷል። ግፍ ማለት ምን እንደሆነ ጠበብ አድርገው የቆጠሩ ሌሎች ጥናቶች ከዚህ ያነሰ ቁጥር አግኝተዋል፤ በቁጥሩ መከራከር ይቻላል። የሚቆረቁረኝ ሌላው ግኝት ነው። ተመቺዋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴት ናት፤ ስትመታም ፊቷ ላይ የሚታየው ወይ ደስታ ወይ ምንም ነው። ይህን በ13 ዓመቱ በስልኩ ያየ ወንድ ልጅ፣ ማንም ሌላ ነገር ካልነገረው፣ ሴት ስትመታ ደስ ይላታል ብሎ ቢያድግ ከማን እንማረር? ጥያቄውን ሴት ልጅ አነሣችው እንጂ የቤቱ ወንድ ልጅም አብሮ ሊሰማው የሚገባ ነው። ስለ ሴት ልጆቻችን ስልክ እንጨነቃለን፤ የገበያው ደንበኛ ግን በአብዛኛው ወንዱ ነው።

ሌላውንም ወገን መስማት ይገባል። በካሊፎርኒያ በፊልሙ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ራሳቸውን ሠራተኛ ብለው ይጠራሉ፤ በየ14 ቀኑ የአባላዘር በሽታ ምርመራ የሚደረግበት ሥርዓትም አላቸው። በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ አንድ ሕግ ነበር፤ በፊልሞቹ ኮንዶም ካልታየ ማንኛውም የግዛቲቱ ነዋሪ እንዲከስ የሚፈቅድ። ሕጉን አጥብቀው የተቃወሙት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ክስ በቀረበ ቁጥር እውነተኛ ስማችንና አድራሻችን ለሚያሳድደን ሰው ሁሉ ይወጣል በሚል። ሕጉም ወደቀ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ሥራው ውስጥ ላለች ሴት ጥበቃ፣ ሕክምናና ያልተበላ ክፍያ ይገባታል፤ «ሥራ አይደለም» ተብላ ብትደበደብ ክስ የምታቀርብበት እንዳታጣ። ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ ለሚወርድ ሰው የራስ መከላከያ ይሰጠው ማለትና ልጄ ሆይ ጉድጓድ ውረጅ ማለት ይለያያሉ። ተከራካሪዎቹ የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ነው። የሚያስተዋውቁት ደላሎች የሚሉት ግን ሁለተኛውን ነው።

ደግሞም ሥራ የምንለው ነገር መልቀቂያ አለው። ከባንክ፣ ከሆስፒታል፣ ከሆቴል ሠራተኛ ደብዳቤ ጽፋ ትወጣለች፤ የሥራ ልምዷንም ይዛ ትሄዳለች። እዚህ ግን ሴቲቱ ብትለቅም ምስሏ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስታገባ፣ ስትወልድ፣ ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ሌላ ሰው ይሸጠዋል። በ2020 መጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ ፖርንሃብ በተባለው ግዙፍ ድረ ገጽ ላይ የሕፃናትና የተደፈሩ ሴቶች ቪዲዮ እንደሚገኝ ካጋለጠ በኋላ ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያ አቋረጡ፤ ድረ ገጹም ማን እንደጫናቸው ያልተረጋገጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን አወረደ። ከዚያ በፊት ቪዲዮዬን አንሡልኝ ብለው ለዓመታት የለመኑ ነበሩ። እነሱን ያልሰማው ኩባንያ ካርዱ ሲዘጋበት ሰማ።

በእኛ አገር ደግሞ ጭራሽ መከራከሪያ ቦታም የለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 እንዲህ ያለ ምስል መሥራትና ማሰራጨትን ያስቀጣል። ስለዚህ እዚህ «ሥራ ነው» ተብላ የተቀረጸች ልጅ የምትጠቅሰው ውል የላትም፤ ያታለላት ሰው ደግሞ ይህንኑ ፍርሃቷን ማስፈራሪያ ያደርገዋል። «ብር ላኪ፣ አለዚያ ለአባትሽ እልከዋለሁ» የሚለው መልእክት የሚሠራው አባቷን ከምስሉ ይልቅ ስለምትፈራ ነው።

እናም ለጠየቁኝ እናት፣ በተለይ ደግሞ ሳህኑን ገፍተው ለተነሡት አባት የምለው አለኝ። ቁጥሮቹን ለልጅቷ ያሳዩዋት፤ ትከራከር፣ ይከራከሯት። ከዚያ በላይ ግን፣ እሷም ሆነች ጓደኛዋ አንድ ቀን እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሳቸው መጀመሪያ የሚነግሩት ለእናንተ እንዲሆን ዛሬ ይነገራት። ቢደርስባት ብር አይላክ፤ አንዴ የተከፈለው ተመልሶ ይጠይቃል። መልእክቶቹ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የገጹ ስም ሳይጠፋ ፎቶ ተነሥቶ ይያዝና ለፖሊስ ይቅረብ። 18 ዓመት ለሞላቸው «ስቶፕ ኤንሲአይአይ»፣ ላልሞላቸው «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ፤ ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ መለያ ቁጥር ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ያሉ ገጾች እንዳይጭኑት ያግዛሉ። ስልኩንም በንዴት አይስበሩት፤ ማስረጃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።